የእናት እፍኝ ስንት ግራም ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከጅማ ከተማና በዙሪያዋ ካሉ ወረዳዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ስለ አንድ ዓይነት ሰው የተጻፉ ናቸው፦ የገጠር ቤት ዕድሜ ልኳን ያቀናች፣ ልጅም የልጅ ልጅም ያሳደገች፣ አሁን ጉልበቷ የደከመ እናት። ጥያቄዎቹ ከማጀት ይነሡና እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳሉ። የእሷም ሥራ እንደዚያው ነበርና አልለየናቸውም።

«እናቴ ሰማንያን ሳታልፍ አትቀርም። ቅቤ ስታነጥር ‹ስንት ኮሰረት ልጨምር?› ስላት ‹ይህችን ታህል› ብላ መዳፏን ታሳየኛለች። ቤቴ ገብቼ ሳነጥር ግን አንዴ ይመራል፣ አንዴ ደግሞ ወር ሳይሞላው ይሸታል። ሙያዋን እንዴት ልያዘው?» — ከሰቃ

«ስንት?» ብለው አይጠይቋት። እጇ ያውቀዋል እንጂ በቃል አስልታው አታውቅም። ይልቅስ አንድ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ይግዙ። እያንዳንዱን ቅመም በየሳህኑ ያድርጉና ከነሳህኑ ይመዝኑት፤ ይጻፉት። እናትዎ እንደ ልማዷ በእጇ ትዝገን። የቀረውን እንደገና ይመዝኑ። የጎደለው የእሷ እፍኝ ነው። ቅቤውንም ከመጣዱ በፊትና ከተጣራ በኋላ ይመዝኑ። ይህን በሦስት የተለያየ ቀን ያድርጉትና አማካዩን ይውሰዱ፤ ቅቤው ለጋ ሲሆንና ሲበስል እሷ ራሷ መጠኑን ትለዋውጣለችና አንድ ቀን አይበቃም። የሚለዋወጥበትንም ምክንያት ያኔ ይጠይቋት፤ ለዚህ መልስ አላት።

የእሷን መጠን እስኪያገኙ ድረስ መነሻ የሚሆንዎትን እንስጥዎ። ለ1 ኪሎ ለጋ ቅቤ፦ አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ የተከተፈ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እያንዳንዳቸው 20 ግራም ያህል፣ ደርቆ የታሸ ኮሰረት 2 የሾርባ ማንኪያ፣ በሶብላ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ የተወቀጠ ኮረሪማ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ አብሽና ነጭ አዝሙድ አንዳንድ የሻይ ማንኪያ፣ ጥቁር አዝሙድና እርድ ግማሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ይግዙ። እዚሁ ከጅማና ከካፋ ጫካ የሚመጣ ስለሆነ የተፈጨ ለመግዛት ምንም ምክንያት የለም፤ ተወቅጦ የከረመ ኮረሪማ ሽታው ጠፍቶ ገለባው ብቻ ይቀራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ እያሹ ውሃው ነጭ መሆኑን እስኪተው ድረስ ይጠቡት። ወፍራም ድስት ላይ በለዘበ እሳት ያቅልጡት። መጀመሪያ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይግቡ፤ ውሃ ስላላቸው ቀድመው መድረቅ አለባቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ አብሹና አዝሙዶቹ፣ ቀጥሎ ኮረሪማውና እርዱ፣ ኮሰረቱና በሶብላው መጨረሻ ላይ። በጠቅላላው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሰዓቱን ግን ብዙ አይመኑት፤ ጆሮዎን ይመኑ። ውሃ እስካለበት ድረስ ቅቤው ይንጨረጨራል፤ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይሞታል፣ አረፋው ይወርዳል፣ ከላይ ሲያዩ የድስቱ ወለል ወርቃማ ዝቃጭ ይዞ ይታያል። ያን ጊዜ ወዲያው ያውጡት። እናትዎ ከድስቱ ፊቷን ዞር አድርጋ ሌላ ሥራ እየሠራች ልክ በሰዓቱ የምታወርደው ድምፁን እየሰማች ነው።

የሚመርዎ ከሦስት በአንዱ ነው፦ አብሹ በዝቷል ወይም አሯል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ጠቁሯል፣ ወይም ዝቃጩ ከወርቃማ አልፎ ቡናማ ሆኗል። ከአብሹ መብዛት በቀር ሌላው ሁሉ እሳት ከመብዛት የሚመጣ ነው። የሚሸትዎ ደግሞ ውሃ ስለቀረበት ነው። አንድ ጠብታ በጋለ ምጣድ ላይ ጣል ያድርጉ፤ ከተንጣጣ ውሃው አላለቀም። እቃውም እርጥብ ከሆነ፣ ወይም ቅቤው ትኩስ ሳለ ክዳን ከተጫነበት፣ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ሩብ ሰዓት ያሳርፉት፣ በስስ ጨርቅ ያጥልሉት፣ ፀሐይ ላይ በደረቀ ብርጭቆ እቃ ያድርጉት፣ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ይክደኑት። ከ1 ኪሎ ከ700 እስከ 800 ግራም ካገኙ ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ስህተቱ የእርስዎ አይደለም፤ ገበያ ላይ ውሃና አሬራ ገዝተዋል።

«የአማቴ እንጀራ ዓይኑ ቁጥር የለውም። የእኔ ድፍን ነው። እርሾው ከእሷው የመጣ፣ ጤፉም ከእሷው ቤት።» — ከጅማ ከተማ

አብሲትዎን ይፈትሹ። ከላይ የጠለለውን ውሃ ካፈሰሱ በኋላ ከሊጡ አንድ አሥረኛውን ይውሰዱ፣ ሦስት እጥፍ ውሃ ጨምረው እያማሰሉ እስኪወፍር ያብስሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፤ እሳቱ እንዳለ ወደ ቡሃቃው ይገለብጠዋል። ያ ሙቀት እርሾውን ይገድለዋል። ጣትዎን ነክረው ሳያቃጥልዎ መቆየት ሲችሉ ብቻ ይመልሱት። በጣም ከቀዘቀዘም ሊጡን አያነሣውም። ከዚያ አረፋ ይዞ እስኪነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ይጠብቁ። በበጋ ሁለት ቀን የሚበቃው ሊጥ በክረምት ሦስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። አማትዎ ቀን አይቆጥሩም፤ ሊጡን አሽትተው ነው የሚያውቁት።

«እናታችን የጓሮዋን ቡና ራሷ ለቅማ፣ አስጥታ፣ ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን) ትሸጣለች። አምና ነጋዴው ‹ሻግቷል› ብሎ ዋጋ ሰበረባት። እሷ ‹ዕድሜዬን ሙሉ ያደረቅሁት እንዲሁ ነው› ትላለች። ዛፎቹም አርጅተዋል፤ እንቁረጥ ስንላት እንባዋ ይመጣል።» — ከአጋሮ

የለቀማው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በእናንተ በኩል ዝናቡ ፈጽሞ ያልወጣበት ጊዜ ነው። በመሬት ላይ የተሰጣ ቡና ከላይ ቢደርቅ ከታች ከአፈሩ እርጥበት ይጠጣል፤ የአፈር ሽታም ይዞ ይቀራል። ቀድሞ ቡናው ለቤት ነበርና ማንም አያሸተውም። አሁን ቀማሽ አለ።

አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሥሩላት። እንጨትና ቀርከሃ በቂ ነው፤ ከላይ ሰሌን ወይም ወንፊት ሽቦ ይነጠፍበታል። ቀይ ብቻ ይለቀም። በተለቀመበት ቀን ይሰጣ፤ በጆንያ አንድ ሌሊት ካደረ ይግላል፣ መጥፎው ሽታ የሚጀምረው እዚያ ነው። ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ። ማታና ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይልበስ፤ ጠዋት ጤዛው ሳይጠፋ ግን ሸራው አይነሣ። እንደ አየሩ ሁኔታ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም አራት ይወስዳል። መድረሱን ለማወቅ በእጅዎ ጨብጠው ይነቅንቁት፤ ከደረሰ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል፤ ፈልፍለው በጥርስዎ ሲነክሱት የጥርስ ምልክት ከተቀበለ ገና ነው፣ ጠንክሮ ጠቅ ካለ ደርሷል። የሚፈለገው እርጥበት ከ11 እስከ 12 በመቶ ነው። በጆንያ እንጂ በፕላስቲክ ከረጢት አይቀመጥ፤ ጆንያውም ከግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደር።

ሒሳቡንም አብራችሁ አስሉላት። ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ ቀይ እሸት 2 ኪሎ ያህል ጀንፈል ይሆናል፣ ያም ሲፈለፈል 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጀንፈል ከአንድ ኪሎ እሸት ሦስት እጥፍ በላይ ካልተሸጠ የወር ድካሟ በነጻ ሄደ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ዓመት እሸቱን በቀዩ መሸጥ ይሻላል።

ስለ ዛፎቹ፦ መጎንደል ነው እንጂ መንቀል አይደለም፤ ልዩነቱን አሳዩአት። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ በስለታም መጋዝ በሰያፍ ይቆረጣል። ሰያፍ የሚሆነው ውሃ እንዳይቋጥርና ጉቶው እንዳይበሰብስ ነው። ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ብርቱዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ትታችሁ ሌላውን አንሡ። ፍሬ ለመስጠት ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ለዚህ ነው የምታለቅሰው፤ በእሷ ዕድሜ ሦስት ዓመት ባዶ ጓሮ ማየት ከባድ ነው። በያመቱ ሩቡን ብቻ ጎንድሉ። መቶ ዛፍ ካለ ዘንድሮ ሃያ አምስት፣ ያውም እሷ በመረጠችው ረድፍ። የቡና ገቢዋ አይቋረጥም፣ የመጀመሪያው ረድፍ ሲያፈራም ታየዋለች።

«እናቴ የተወለደችበትን ዘመን አታውቅም። ለፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ‹ገምት› አሉኝ። በአንዱ ወረቀቷ 60፣ በሌላው 82 ተብሏል።» — ከሰርቦ

በዘፈቀደ አይገምቱ። ከእሷ ጋር ተቀምጠው ልጆቿን ከበኩሩ እስከ መቁረጫው በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ የሞቱትንና የጨነገፉትንም ጭምር፣ ከጠየቋት ሁሉንም ታስታውሳለች። ከዚያ አገር የሚያውቃቸውን ቀናት በጎኑ ያስቀምጡ፦ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የመሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገንዘብ ለውጥ 1969፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 1971፣ የመንግሥት ለውጥ ግንቦት 20 ቀን 1983። «የመሬት አዋጁ ሲነገር የትኛው ልጅ ጡት ላይ ነበር?» ብለው ይጠይቋት። ለምሳሌ ሁለተኛው ከሆነ፣ በ15 ተድራ፣ በ17 የመጀመሪያውን፣ በ20 ሁለተኛውን ወልዳለች ቢባል ልደቷ 1947 ገደማ ይሆናል። በሁለት ሌላ ቀን ደግመው ያስሉት። ሦስቱም መልስ በሁለት ሦስት ዓመት ልዩነት ውስጥ ካረፈ መሐሉን ይያዙ። ካልተቀራረበ የጎረቤት እኩያዋን ይጨምሩ፤ «ከእገሌ በአንድ ክረምት እበልጣለሁ» የሚለው አነጋገር ከየትኛውም ወረቀት ይልቅ የሚታመን ነው።

አንዴ ከተወሰነ በኋላ ግን ያው ቀን በቀበሌ መታወቂያውም፣ በባንክ ደብተሩም፣ በመሬት ይዞታውም አንድ ይሁን። የስሟ አጻጻፍም እንዲሁ። በሥራ ብዛት የጣት አሻራዋ ከተፋቀ አትደንግጡ፤ ከምዝገባው በፊት ጥቂት ቀን ማታ ማታ እጇን በቫዝሊን ያሹላት፣ በዕለቱ ጠዋት በሳሙና ታጥባ ታድርቀው። ምዝገባው የዓይንና የፊት ምስልም ስለሚወስድ በአሻራ ብቻ አይቀርም።

«አያቴ ወረንጦ ከመቀነቷ አይለይም። በየሳምንቱ የዓይኗን ሽፋሽፍት ታስነቅለኛለች። ‹ጭስ ነው የጎዳኝ› ትላለች። ዓይኗ ያለቅሳል፣ ብርሃን ትፈራለች።» — ከሸቤ

ዛሬ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ይህ የዓይን ማዝ፣ ትራኮማ የሚባለው፣ የመጨረሻ ደረጃው ነው። በልጅነቷ የጀመረው ሕመም የሽፋኑን ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ አድርጎ አኮማትሮታል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ በዐይን ጥቅሻ ሁሉ ብሌኑን ይፍቃል። ሲነቀል ለጊዜው ይቀላል። በሳምንታት ውስጥ ግን አጭርና ጠንካራ ሆኖ ተመልሶ ይበቅላል፤ አጭሩ ከረጅሙ የባሰ ይወጋል። ብሌኑ ነጭ ጠባሳ ከያዘ በኋላ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ መፍጠን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሕክምናው አነስተኛ ቀዶ ጥገና ነው። ሽፋኑ ብቻ ደንዝዞ ሽፋሽፍቱ ወደ ውጭ እንዲዞር ይደረጋል። በሠለጠነ ባለሙያ በጤና ጣቢያም ይሠራል፤ በዕለቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ቀዶ ጥገና የሚለው ቃል ካስፈራት «ዓይንሽን አይነኩትም፣ ሽፋኑን ነው» ይበሏት፤ እውነቱም ይኸው ነው።

ጭሱ ዓይኗን ያስለቅሳል፣ ሳንባዋንም ይጎዳል፣ ትራኮማን ግን አያመጣም። እሱ በዝንብ፣ በእጅና ፊት በሚጠረግበት ነጠላ ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃን ወደ እናት የሚተላለፍ ተሕዋስ ነው። ሴቶች የበለጠ የሚጎዱትም ልጅ አቅፈው ስለሚኖሩ ነው። ስለዚህ በቤቱ ያሉትን ሕፃናት ፊት ይመልከቱ፤ ዓይናቸው ዓር ካለበት እነሱም ይታከሙ፣ ፊታቸውም በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ።

ዓይኗ ሳያም እየደበዘዘ፣ ብሌኑ መሐል ነጭ ነገር ከታየ ግን ሌላ ነው፤ የዓይን ሞራ ይሆናል። እሱም በቀዶ ጥገና ይገፈፋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሁለቱንም ያያል።

«እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ ቡናዋን ግን ያለ ጨው አትጠጣም።» — ከሊሙ ገነት

ቡናውን ሳይሆን ጨውን ይቀንሱ። ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው ጨው ከሁሉም ምግብ ተደምሮ ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በጨው የምትጠጣ እናት ወጡን ሳትቀምስ ከዚያ ጥሩውን ድርሻ ትጨርሰዋለች። በአንድ ጊዜ አይከልክሏት፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያሳንሱት፣ ምላስ ይለምዳል። ጤና አዳም ጣል ቢደረግበት ጉድለቱ ብዙም አይታወቅም። መድኃኒቱን ደግሞ ራሷን ሲያማት ብቻ አትውሰድ፤ ግፊት ሳያም ነው የሚጎዳው።

«አባታችን ካረፈ ዓመት ሆነው። አምስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድማችን ‹ንብረቱን ከእናታችን ጋር ለስድስት እኩል እንካፈል› ብሏል። እናታችን ‹ልጆቼ አይጣሉብኝ› ብላ ዝም አለች። ትክክል ነው ወይ?» — ከየቡ

አይደለም። ወንድማችሁ በቅንነት ብሎት ይሆናል፤ ግን በዚህ አከፋፈል የምትጎዳው እናታችሁ ናት።

ቅደም ተከተሉን ያዙ። በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የባልና ሚስት የጋራ ነው። ባል ሲሞት መጀመሪያ ግማሹ ለሚስት ይወጣል። ይህ ውርስ አይደለም፤ የራሷ ነው። ውርስ የሚባለው የቀረው ግማሽ ነው። ከእሱ የሟች ዕዳ ይከፈላል፣ ኑዛዜ ከሌለም የተረፈውን ልጆች፣ ሴትም ወንድም፣ እኩል ይካፈላሉ። በቁጥር እንየው። ከብቱ፣ የተከማቸው ቡናና በባንክ ያለው ገንዘብ ተደምሮ 600,000 ብር ቢሆን፣ ዕዳም ባይኖር፣ 300,000 የእናታችሁ ነው። ቀሪው 300,000 ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 60,000 ይደርሳል። በወንድማችሁ ስሌት ግን እናታችሁ 100,000 ብቻ ታገኛለች፤ 200,000 ብሯ ሳታውቀው ይሄዳል። አንድ ነገር አስተውሉ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆች ባሉበት ሚስት ከባሏ በሕግ አትወርስም። ግማሿ ካልተለየላት በውርሱ በኩል የሚያካክስላት ነገር የለም።

መሬቱ የተለየ ነው። የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚተላለፈው የይዞታ መብቱ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን አውጥታችሁ የማን ስም እንዳለበት ተመልከቱ። በ1997 በወጣውና በ2016 በሌላ አዋጅ በተተካው በአዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ተደንግጎ ነበር። ስሟ ካለበት መብቷ በባሏ ሞት አይቋረጥም። ከሌለበት ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አሁኑኑ ጠይቁ፤ የድሮ ጎረቤት ምስክሮች በሕይወት ሳሉ ቢሆን ይሻላል።

የምትይዙት ወረቀት፦ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ (ከሌለ ጋብቻውን የሚያውቁ ሰዎች ምስክርነት)፣ የእናታችሁና የልጆቹ መታወቂያ፣ የይዞታ ደብተሩ። በእነዚህ ለወረዳው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ታመለክታላችሁ። ይህ ሳይያዝ ከብት አይሸጥ።

ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነና በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት ከፈለገ ይችላል፤ የሁሉም ተከራካሪ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። በዚያ ድርሻው ይለያል፦ ልጆች ካሉ የሚስት ድርሻ ከስምንት አንድ ነው፣ ወንድ ልጅም የሴትን ሁለት እጥፍ ያገኛል። ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ጉዳዩን ወደ ሌላ ፍርድ ቤት ማዞር አይቻልምና እናታችሁም እህቶቻችሁም ልዩነቱን በቁጥር ካዩ በኋላ ብቻ ይፈርሙ። የእናታችሁን ዝምታ እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ብቻዋን ሆና፣ ልጆቿ በሌሉበት፣ የምታምነው ሰው ይጠይቃት።

እሷ ራሷ መናዘዝ ከፈለገች «አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ» ማለት አይበቃም። በጽሑፍ ይሁን፣ በእሷና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፣ መነበቡና ቀኑ ይጻፍ፣ እዚያው ሳይበተኑ እሷም ምስክሮቹም ይፈርሙ። የሚጠቀም ልጅ ምስክር አይሁን። ኑዛዜ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በሐሳቡ ሳይሆን «ተነቧል» የምትል አንዲት ቃል ስትጎድለው ነው።

«እናታችንን ከዴዶ አምጥተን ጅማ ከእኛ ጋር አኖርናት። ደክማለችና ሥራ እንዳትነካ ከለከልን። በስድስት ወር ከሳች፤ ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትነቃለች። ሁለት ጊዜ ወድቃለች።» — ከጅማ ከተማ

መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ክብደት መቀነስ የናፍቆት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ግን የስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የጥርስ ሕመም፣ የድብርትም ሊሆን ይችላልና በግምት አትለፉት። የምትወስደው መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ተይዞ ይታይ፤ አንዳንዱ ስትነሣ ያዞራታል።

መውደቁን በተመለከተ፦ ከመኝታዋ ስትነሣ አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ትቀመጥ። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑረው፣ እግር የሚጠልፍ ምንጣፍ ይነሣ፣ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ይተከል። ነጠላ ጫማ በኋላው ማሰሪያ ባለው ጫማ ይለወጥ። የምትቀመጥበትንም እዩ። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ ዱካ ያማረ ነው፤ ግን ዝቅተኛ ነው፣ መደገፊያም የለውም፣ ለደከመ ጉልበት ከእሱ መነሣት ተራራ ነው። ከወለል 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለና የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ስጧት። ከዚያው ወንበር ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ ትነሣ ትቀመጥ፤ ጭን የሚበረታው በዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ አጠገቧ ቁሙ።

ሥራውን መልሱላት። እንጨት ልሸከም አትልም፤ የቤቱ ሰው መሆኗን ነው የምትፈልገው። ዴዶ ሳለች እህል ስንት እንደቀረ፣ ቅቤው መቼ እንደሚያልቅ፣ እንግዳ ቢመጣ ምን እንደሚቀርብ የምታውቀው እሷ ነበረች። እናንተ ቤት ግን የጓዳው ቁልፍ የማን ኪስ ውስጥ ነው? ለእሷ ስጧት። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ እሷ ታዝዝ። ተቀምጣ ምስር ትልቀም፣ ሽንኩርት ትላጥ፣ ቡናውን እሷ ትቁላው። ከሰል ግን በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ይያያዝ፣ ያልጠፋ ከሰልም ለሙቀት ተብሎ መኝታ ክፍሏ አይግባ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ተኝታ ሳለች ይገድላታል። በወር አንዴ ዴዶ ትሂድ፤ ማሳዋን አይታ፣ ጎረቤቶቿን ጠይቃ፣ የቤቱን ቅቤ ራሷ መርጣ ገዝታ ትምጣ።

ቅቤው ሲመጣም ለሰቃዋ እህት የጻፍነውን እናንተም ቤት ጀምሩት። ሚዛኑን የልጅ ልጅ ትያዝ፣ ማማሰያውን እሷ።